ወደ ላይ የወጣ ቃሬዛ

ጉልበቴን ያጣሁት በጦርነት ቢሆን ኖሮ ለመናገርም ይመቸኝ ነበር። ጦርነቱማ እኛ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሄዷል፤ ያኔ እንቅፋት እንኳ አልመታኝም። እኔን የጣለኝ ሰላም ነው። በመሥሪያ ቤታችን ያገቡና ያላገቡ ሠራተኞች በዓመት አንድ ጊዜ ኳስ ይጋጠማሉ። እኔም አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የሦስት ልጆች አባት ሆኜ ሳለ፣ ባገቡት በኩል ተከላካይ ተብዬ ገባሁ። ከኮሌጅ ከወጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ጎረምሳ በጎኔ ሊያልፈኝ ሲል ግራ እግሬ መሬቱ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ የቀረው አካሌ ግን ዞረ። ጎረምሳው ጎሉን አገባ። በዚያው ዓመት ሚስትም ስላገባ በሚቀጥለው ግጥሚያ የእኛ ቡድን ተጫዋች ሆነ። እኔ ደግሞ ተመልካች ሆንሁ።

ሥራዬ መርሳ ላይ ፍራፍሬ ማዳቀል ነው። ከጣፋጩ ማንጎ እርሳስ የምታክል ቀንበጥ እቆርጥና በአገሬው ማንጎ ችግኝ ላይ አጣብቄ በላስቲክ እጠቀልላታለሁ፤ ሁለቱ አንድ አካል እስኪሆኑ ጥላ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ። ችግኟን ለገበሬ ሳስረክብ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት አበባ ብታወጣ ቀንጥሰህ ጣል፣ ገና አልጠናችም፣ ፍሬ ካሸከምሃት ከተጣበቀችበት ትገነጠላለች። ገበሬው "እሺ" ይላል። የወረዳችን የሐብሩ ገበሬ እሺ ሲል ያምርበታል። አበባውን ሲያይ ግን አንጀቱ አይችልም፤ በዓመቱ የተገነጠለች ችግኝ ይዞ ይመጣል፣ እኔም እጮሃለሁ። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። በዚህ ቆላ እኔ ያልጮህሁበት ገበሬ ካለ ማንጎ ያልተከለ መሆን አለበት።

እናቴ የምትኖረው ከግራና በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ከመርሳ እስከ ግራና ባጃጅ አለ። ከግራና ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ደህና ሰው በሦስት ሰዓት ይወጣዋል። እናቴ ገበያ በምትወርድበት ዘመን በሁለት ሰዓት ተኩል ትወጣው ነበር፣ ያውም ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር እያወራች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ግን ከመንደሩ ምንጭ በታች እግሬን አላነሣም ብላ ማለች። መርሳ ወርደሽ ከእኛ ጋር ተቀመጪ ብለን ያልላክንባት ሽማግሌ የለም። "ልጅ ወደ እናቱ ይወጣል እንጂ እናት ወደ ልጇ አትወርድም" ብላ ትመልሳቸዋለች። ጦርነቱ ሲመጣ የአገሩ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሸሽ እሷ ላሟን በረት አስገብታ፣ በሩን ከውስጥ ዘግታ ተቀመጠች። ጉልበቴ ከተበላሸ በኋላ ደግሜ ብለምናት፣ "ለመድፍ ያልወረድሁ ለጉልበት ልወርድ ነው?" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ እሷ አትወርድም፣ እኔ አልወጣም። ጉልበቴ እየባሰ ሄዶ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ሳላይ ቀረሁ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከጎረቤቷ ስልክ ይደወልልኛል።

"መቼ ትወጣለህ?" ትለኛለች።

"ሲሻለኝ እማ፣ ኢንሻአላህ።"

"እኔ ስሞት ይሻልህ ይሆናል" ትልና ስልኩን ለባለቤቱ ትመልሳለች። ደህና ሁን ማለት የሚባል ነገር እናቴ ዘንድ የለም።

ከዚህ በኋላ የማወራው ሕክምና ሁሉ የተደረገው ለዚህ ነው። እሷ በሕይወት እያለች ያን ዳገት ወጥቼ ደጃፏ ላይ መቆም ፈለግሁ። ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ሰላቴን ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ለምጄ ነበር፣ ኳሱም ይቅርብኝ።

መጀመሪያ ወጌሻ አየኝ። በቅቤ አሸኝ፤ ጉልበቴ ባይድንም ወዛ። ከዚያ ወልድያ የተሰጠኝን ክኒን ዋጥሁ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ሄጄ በትልቁ ማሽን ተነሣሁ። ፎቶውን ያነበበው ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። በአጥንትህ ጫፍ ላይ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለ አለኝ፤ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ያንተው የሳንቲም ስፋት ያህል ተቦርቡሮ ወጥቷል። ቆዳ ቢቆረጥ ይገጥማል፣ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ልም አጥንት ግን ደም ስለማይደርሰው ራሱን አይጠግንም። እንግዲህ በሰውነቴ ውስጥ ካለው ሁሉ መርጬ የማይድነውን ነበር የሰበርሁት።

መላውን ያገኘው ቱርክ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ወጪውንም እሱ ቻለው። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ከዚያው ከራሴ ጉልበት፣ ጫና ከማይበዛበት ጠርዝ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ልም አጥንት ይቆርጣሉ። ከቁራጯ ውስጥ ሴሎቹን አውጥተው በላቦራቶሪ ለሳምንታት ያሳድጓቸዋል። ሲበዙ ጉልበቴን እንደገና ከፍተው ጎድጓዳው ውስጥ ይተክሏቸዋል። ሐኪሙ ይህን በአስተርጓሚ ሲያስረዳኝ ከአፉ እየነጠቅሁ ራሴን እነቀንቅ ነበር። አስተርጓሚዋ "ገባህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሙያዬ ነው አልኋት። ሐኪም ነህ እንዴ አለችኝ። ማንጎ አዳቃይ ነኝ ስላት ያንን አልተረጎመችለትም።

ቁራጯ ተወሰደች። ሴሎቹ እስኪያድጉ እዚያው እንዳልቆይ የመሥሪያ ቤት ፈቃዴም ቪዛዬም አለቀ። እኔ ተመለስሁ፣ የእኔው ቁራሽ እዚያው ቀረች። እሷን ቪዛ የጠየቃት የለም።

ሰፈራችን መርሳ ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም አንድ ቅሬ፣ አንድ ዕድር ነው፤ ሰው ሲሞት አብረን እንቀብራለን፣ ሲታመም አብረን እንጠይቃለን። ያን ሰሞን የተጠየቅሁት እኔ አይደለሁም፣ ሴሎቼ ናቸው። በጠዋት ከቤት ስወጣ፣ "እንዴት አደሩ? ደህና ናቸው?" ይባላል። "እያደጉ ነው?" ይላል ሌላው። ጎረቤቴ ጋራዥ ያለው ክርስቲያን ነው፤ በአጥር በኩል አንገቱን አውጥቶ፣ "በአጭሩ ኩሽኔታህ ተበልቷል ማለት ነው" አለኝ። "እኔ ዘንድ ቢሆን ከሌላ መኪና ፈትቼ እገጥምልህ ነበር። እነሱ ግን ከዚያው ከተበላው መኪና ኩሽኔታ አብቅለው ሊገጥሙልህ ነው፤ ይኼማ ተአምር ነው!" ብሎ ለሴሎቹ ስለት ተሳለ። ምን እንደተሳለ እስካሁን አልነገረኝም።

በቅሬው ስብሰባ ላይ ደግሞ አንድ የተከበሩ አዛውንት ተነሡ። "ይህች ቁራሽ" አሉ፣ "ከሰው አካል የተቆረጠች ናት። ከሰው የተለየ አካል ደግሞ መቀበር አለበት። እዚያ በሰው አገር ማን ይቀብራታል?" ሁሉም ወደ ሼኹ ዞረ። ሼኹም፣ "ጋሼ፣ አልሞተችም እኮ፤ እያደገች ነው። ሕያው አይቀበርም፣ ዱዓ ይደረግለታል" ብለው መለሱላቸው። በዚያው ቀን ዱዓ ተደረገ። ሌላው ለልጁ ዱዓ ያስደርጋል፤ ለእኔ ለሴሎቼ ተደረገልኝ። ከልቤ አሚን አልሁ፣ ግን ሳቄም መጥቶ ነበር።

ሴሎቹ በዱዓም ይሁን በላቦራቶሪ ደህና አደጉ። ሁለተኛውን ጉዞ ሄጄ ተተከሉልኝ። ከሐኪሙ ጋር የመጨረሻውን ስንነጋገር ትእዛዙን በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ስድስት ሳምንት እግርህን መሬት አታስነካም። እስከ አራተኛው ወር በሁለት ክራንች ትሄዳለህ፣ ክብደትህን ሳትጥል። ዳገትና ቁልቁለት አንድ ዓመት የለም። ሴሎቹ አሁን እንደ እርጎ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት፤ ቀድመህ ካሸከምሃቸው ይላቀቃሉ።

ቃል በቃል የራሴ ንግግር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ለገበሬ ስናገረው የኖርሁትን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ለእኔ ተናገረኝ። እኔም ምን ብዬ መለስሁ? "እሺ" አልሁ።

ለእናቴ በስልክ ነገርኋት።

"አንድ ዓመት?" አለች። "ይኼ ሐኪም የእኔን ዕድሜ ጠይቆሃል?"

አልጠየቀኝም ነበር። እኔም አልነገርሁትም። ቤትህ ደረጃ አለው ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ የለውም ብዬዋለሁ። እውነት ነው፤ የእኔ ቤት ሜዳ ላይ ነው።

በአሥረኛው ሳምንት ዓርብ ስልኩ ሲደወል የእናቴ ድምፅ አልነበረም። የስልኩ ባለቤት ነው። ሳል ይዟታል፣ ሦስት ቀን አልተነሣችም፣ አንተን ትጠራለች፣ አብሽር፣ አይዞህ፣ ይሻላታል ኢንሻአላህ አለኝ። በእኛ አገር አብሽር መባል ሲደጋገም ያስፈራል። ሰውየው አምስት ጊዜ ደጋገመው። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት በተራራ ብርድ ስታስል ታየችኝና ዓመቱ ሳይሞላ እንደማጣት ቁርጥ ሆኖ ተሰማኝ። በወንድሜ በኩል ሐኪሙን በበቅሎ ብወጣስ ብዬ አስጠየቅሁት። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ሞተር ሳይክልም፣ ፈረስም፣ የሚነጥር ነገር ሁሉ ክልክል ነው።

በማግስቱ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስምንት ሰዎች ቆመዋል፣ የላይኛው የእናቴ መንደር ቅሬ አባላት ናቸው። ቃሬዛ ይዘዋል። ሌሊቱን ተነሥተው መውረዳቸው ነው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ ሰብሳቢያቸው። "ተነሥ። አይ፣ አትነሣ፤ ተኛ።"

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"እናትህ እየጠራችህ ነው። አትራመድ የተባልኸው አንተ ነህ፤ እኛን አትራመዱ ያለን የለም።"

ባለቤቴ ጋቢ አለበሰችኝ፣ ክራንቼን ለአንደኛው አስያዘች። እስከ ግራና በባጃጆች ሄድን፤ ከግራና ወዲያ ቃሬዛው ላይ ተጋደምሁ። አራት አራት ሆነው እየተቀባበሉ ተሸከሙኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ቃሬዛ የሚወርድ ነገር ነው። ምጥ የጠናባት፣ ከገደል የወደቀ፣ ወባ የጣለው ሰው በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ይወርዳል። የዳነ በእግሩ ይመለሳል። በቃሬዛ ወደ ላይ የሚወጣው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ቆላ ሞቶ አባቶቹ መቃብር ሊቀበር የሚወሰድ። ይህን ከስምንቱም ሆነ ከእኔ የማያውቅ አልነበረም። ግን እኔ በሕይወት እንዳለሁ እኛ ስለምናውቅ፣ አገሩም የሚያውቅ መሰለን።

ግራናን እንዳለፍን ካፊያ ጀመረ። ጉልበቱን ብርድ እንዳይመታው ብለው ከራሴ እስከ እግሬ ጋቢውን አከናነቡኝ፣ ከላይ ላስቲክ ደረቡበት። የቃሬዛ መወዛወዝ እንዲህ እንደሚያስተኛ አላውቅም ነበር። ከስንት ወር በኋላ ሕመም ሳይቀሰቅሰኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ብዙ እግር ይሰማኛል። የስምንት ሰው እግር አይደለም። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ቃሬዛ ያየ ሰው በእኛ አገር ማን ነው ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ትከሻውን ይሰጣል፤ ጥቂት ተሸክሞ አጅሩን፣ የአላህን ምንዳ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠይቅ። መንገደኛው፣ ከብት ጠባቂው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ዝም ብሎ እየገባ ተሸክሞኛል። የእኔዎቹ ስምንት ሰዎች ደክሟቸው ስለነበር እንተካችሁ ሲሏቸው ተተኩ፣ ምንም አልጠየቁም። ሁሉም ወደ ኋላ ቀርተዋል። አሁን የሚሸከመኝ የማላውቀው ትከሻ ነው።

"ማን ነው ጀናዛው?" አለ አንድ ድምፅ ከእግሬ በኩል።

"የዚያች ለጦርነቱ ያልወረደችዋ ሴትዮ ልጅ ነው አሉ። መርሳ ችግኝ የሚያዳቅለው።"

"ያ ቁጡው?"

"እሱው።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ምን አገኘው?"

"ጉልበቱን ነበር የሚያመው።"

"ከጉልበት ሰው ይሞታል እንዴ?"

"ውጭ አገር ወስደው ቀደዱት አሉ። ሥጋውን ቆርጠው አስቀሩበት።"

"ታዲያስ!" አለ ሰውየው፣ ሁሉም ነገር እንደተገለጠለት ሰው።

ያን ጊዜ ጋቢውን ገልጬ አለሁ ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን በቀኝ ትከሻዬ በኩል ያለው ተሸካሚ ማውራት ጀመረ፣ ድምፁን አወቅሁት። ከብዙ ዓመት በፊት የጮህሁበት ገበሬ ነው።

"አበባዋን ካልቀነጠስህ ብሎ ሰው ፊት ሰደበኝ" አለ። "እልህ ይዞኝ ቀነጠስኋት። ዛሬ ልጆቼ የሚበሉት ከዚያች ዛፍ ነው፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ከእሷ ይበላሉ። አንድ ቀን ሄጄ አመሰግነዋለሁ እያልሁ..." አለ።

እውነቱን ልናገር። በሃያ ዓመት ውስጥ ለዚህ ሥራ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም። ችግኟ ስትሞት ይመጣሉ፣ ስታፈራ ይቀራሉ። ትንሽ ልስማ አልሁ። ትንሽ ብቻ። "እጁ ደግሞ በረካ ነበረው፤ የነካው አይደርቅም" አለ ሌላው። "አፉ ግን..." ብሎ አንዱ ጀመረ፣ "ሙት ወቃሽ አትሁን!" ብለው አፉን አስያዙት። እኔ ጋቢው ሥር ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ቀንሼ፣ ምስጋናዬን ስሰማ አንድ ጠመዝማዛ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። አመስጋኙ ገበሬ ትከሻውን ለሌላ ሰጥቶ ሲሮጥ ኮቴውን ሰማሁ፤ ለሽንት ዞር ያለ መሰለኝ። እሱ ግን እናቴ ላይ ቃሬዛ ድንገት እንዳይደርስባት፣ ለራሷ ቀድሞ ሊነግራት መሮጡ ነበር። ደግ ሰው ነው።

ከላይ ከመንደሩ ዋይታ ተነሣ። የአንዲት ሴት፣ ከዚያ የብዙ ሴቶች። ጋቢውን ገፍቼ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። "ዝም በሉ! አልሞትሁም!" ብዬ ጮህሁ። ፊት ለፊቴ የነበሩት ሁለት ሰዎች ዞረው አዩኝና የያዙትን ለቀው ሸሹ። አንዱ ቢስሚላህ ማለቱ ይሰማኛል። ቃሬዛው ዘመመ፣ እኔም በደህናው ጎኔ ተንሸራትቼ ጭቃው ላይ አረፍሁ። ምንም አልሆንሁም። ሰብሳቢው ከኋላ እያለከለኩ "አትነሣ! እንዳትነሣ!" ይላሉ። ክራንቼን የያዘው ሰው ከሁሉም ኋላ ነው፣ ገና አልደረሰም።

በዚያ ቅጽበት እናቴን አየኋት። ምንጩን አልፋ እየወረደች ነው። ከዐልጋዋ የተነሣችው ያን ጊዜ ነው፣ ባዶ እግሯን ናት። ትሮጥ ነበር ማለት አልችልም፣ ግን አትቆምም። አታለቅስም። በክንዷ ላይ ነጭ ጨርቅ ታቅፋለች። ከብዙ ዓመት በፊት ራሴ መርሳ ገበያ ገዝቼ የሰጠኋት ከፈን ነበር፣ ለራሷ ብላ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው። እኔን ልትገንዝበት ይዛ መጣች። በኋላ ቤት ስገባ ሣጥኑ ተከፍቶ አየሁት፤ ለሴት አምስት ቁራጭ ነው፣ ለወንድ ሦስት፤ ሦስቱን ለይታ ወስዳ ሁለቱን እዚያው ትታለች። በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ቆጥራለች።

መካከላችን ድንጋያማ ዳገት ነው። ካለችበት ሆና ጭቃ ላይ የወደቀ ሰው ነው የምታየው፣ ሬሳው ከቃሬዛ የወደቀ። ተነሣሁ። ክራንች ሳልጠብቅ ሄድሁ። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ፤ ከተጣበቀችበት የምትላቀቅ ቀንበጥ ስንት ጊዜ በጣቴ ስለዳሰስሁ አወቅሁት። መቆም እችል ነበር። አልቆምሁም። ሃያ ሦስት እርምጃ ሄጄ ፊቷ ቆምሁ።

"አለሁ እማ" አልኋት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከኋላዬ ያለውን አርባ የሚሆን ሰው አየች። "መሄድ ከቻልህ ለምን ተሸክመው አመጡህ?" አለችኝ።

ወደ ክንዷ ዝቅ ብላ አየች፤ የከፈኑ ጫፍ መሬት እየጠረገ መጥቶ ጭቃ ሆኗል። "አጨቀየሁት" አለች። "ለከንቱ አጨቀየሁት።" ከዚያ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፣ ግራ እግሬን በሁለት እጇ አቅፋ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ልስማ ብዬ እናቴን በቁሟ ቀብሬያት ነበር። ከዚያ ቀን የበለጠ በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ሳሉ ጉንፋን ነበር፤ በአራተኛው ቀን ተወት አደረጋት። የእኔ ጉልበት ግን ዱባ አክሎ አበጠ። ስመለስ ስምንቱ ሰዎች ተሸከሙኝ፣ በእናቴ ትእዛዝ ፊቴን ገልጬ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ቀድሜ ሰላምታ እየሰጠሁ ወረድሁ። ያ ገበሬ መንገድ ላይ አገኘን። ሰላም አለኝ፣ ዓይኑን ግን ሰበረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አመስግኖኝ አያውቅም።

ደሴ ሄጄ የተነሣሁትን ፎቶ ወንድሜ ለሐኪሙ ላከለት። ከተተከለው ከግማሽ በላይ ተላቅቋል፣ ጠርዙም ተሸራርፏል፣ በዚህ ላይ እንደገና ቢተከል አይይዝም የሚል መልስ መጣ። "ምን ከባድ ነገር ተሸክሞ ነበር?" ይላል አለኝ ወንድሜ።

"ምንም አልተሸከምሁም በለው።"

አሁን ሜዳውን በምርኩዝ እሄዳለሁ። ዳገት የሚባል ነገር አብቅቷል። ትሞትብኛለች ብዬ የቸኮልሁላት እናቴ አለች፣ አልሐምዱሊላህ፤ ያልታገሥሁለት ጉልበት ነው የሌለው። ገበሬ የተገነጠለች ችግኝ ይዞ ሲመጣ እንደ ድሮው ልጮህ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ። ቁጣዬ ቀነሰ ብለው ያሙኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ዓርብ ስልኩ ሳይደወል ቀረ። ብደውል አይነሣም። ሲመሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ባጃጅ ቆመ። እናቴ ከባለባጃጁ ጋር እየተጨቃጨቀች ወረደች። ጥቅል ተሸክማለች። ቤት ገብታ፣ ጥቅሉን የምትተኛበት መደብ ራስጌ አስቀመጠችው።

"ምንድን ነው እማ?"

"አምስቱም አሉ" አለች። "አጥቤዋለሁ። መንገድ ላይ ምን እንደሚያገኘኝ አይታወቅ፣ ሰው አላስቸግርም።"

"አልወርድም ብለሽ ምለሽ አልነበር?"

"ያን ቀን ምንጩን አልፌ ወረድሁ። አንዴ ከፈረሰ ፈረሰ። አንተ መውጣት ካቃተህ ማን ይምጣ?"

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትመጣለች። ሁለት ቀን ትቆያለች፣ የሚስቴን ወጥ ታርማለች፣ ልጆቼን ትቆጣለች። ስትመለስ እስከ ግራና በባጃጅ እሸኛታለሁ፤ ሜዳው እስከሚያልቅበት ድረስ ነው የምሄደው። እዚያ እጇን እስማለሁ፣ እሷም ጥቅሏን ጀርባዋ ላይ አዝላ ዳገቱን ትጀምራለች። እስክትሰወር ቆሜ አያታለሁ፤ ለማረፍ እንኳ አንዴ አትቆምም።